አራዊተ ገዳምና የሰው አደራ

እግዚአብሔር አምላክ ይህን ዓለም በስድስት ቀን ሲፈጥር ሰውን ከፍጥረት ሁሉ በኋላ አመጣው። በሐሙስ ቀን በባሕር የሚመላለሱትንና በአየር የሚበሩትን ፈጠረ፤ በዓርብ ቀንም እንስሳትንና አራዊትን ከፈጠረ በኋላ አዳምን በአርአያውና በአምሳሉ ፈጠረው። ሊቃውንትም ይህን ሲተረጕሙ፥ ቤቱ ተሠርቶ፥ ማዕዱ ተዘርግቶ፥ አገልጋዩ ሁሉ ከቆመ በኋላ ንጉሥ እንደሚገባ፥ ሰውም እንዲሁ ወደ ተዘጋጀ ዓለም ገባ ብለው ያስተምራሉ። ይህ በእውነት ለሰው ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን ክብሩን ብቻ ተመልክተን ብናልፍ ከትምህርቱ እኩሌታውን መተው ይሆንብናል። ሰው ወደ ዓለም በገባ ጊዜ ሌሎቹ ፍጥረታት አስቀድመው በየስፍራቸው ነበሩና፤ ዓሦችና አዕዋፍም የመብዛትን በረከት ከአዳም በፊት ከፈጣሪያቸው ተቀብለው ነበርና። በረከቱን የሰጠ እግዚአብሔር ከሆነ፥ ያን በረከት ከምድር የሚያጠፋ ሰው በማን ፊት እንደሚቆም ማሰብ ይገባዋል።

የዱር አራዊት ጥበቃ ነገር ዛሬ የሚነገረው በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በተማሪ ቤት ነው። በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ሲነሣ ግን እምብዛም አይሰማም። አንዳንዱም ካህን «ይህ የዓለማውያን ጉዳይ ነው፤ እኛ ስለ ነፍስ እንጂ ስለ ዋልያና ስለ ቀበሮ ልናስተምር አልተላክንም» ይላል። ይህ አነጋገር ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል፤ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋራ ግን አይስማማም። ስለዚህ መጻሕፍት ምን እንደሚሉ፥ የአገሩም ሕግ ምን እንዳዘዘ፥ ከካህናትና ከምእመናንም ምን እንደሚፈለግ በሚከተለው ለመግለጥ እንሞክራለን።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። በግእዝ የዱር አራዊት አራዊተ ገዳም ይባላሉ። ገዳም ማለት ዱር፥ ምድረ በዳ፥ ሰው ያልሰፈረበት ስፍራ ማለት ነው። መነኮሳት የሚኖሩበትም ቦታ በዚሁ ቃል ገዳም ተብሎ ተጠራ፤ አባቶቻችን ዓለምን ትተው ወደ ዱር ወጥተዋልና። እንግዲህ መነኵሴውና አውሬው በአንድ ስም በሚጠራ ቤት የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው።

ይህም በስም ብቻ የቀረ አይደለም። ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕል ሲታዩ ስድሳ አናብስትና ስድሳ አናብርት ከእርሳቸው ጋራ ይነገራሉ፤ በውኃ ጥም ለደከመች ወፍም ዕንባቸውን አጠጥተዋል። አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ አምባ የወጡት በዘንዶ ነው። የዋልድባው አቡነ ሳሙኤል በአንበሳ ላይ ተቀምጠው ይሣላሉ። ቅዱስ ያሬድም ትምህርት እንቢ ብሎት ተስፋ በቈረጠ ጊዜ፥ ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ የወጣችውን ትል አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፤ ዜማውም በሦስት አዕዋፍ አማካይነት እንደ ተገለጠለት ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። እንግዲህ በቅዱሳን አጠገብ የሣልነውን አንበሳ በዕጣን እያጠንን፥ በዱር ያለውን የምናጠፋው በምን ሕሊና ነው?

«ሰው ፍጥረትን እንዲገዛ ሥልጣን ተሰጥቶት የለምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፥ ተሰጥቶታል። ነገር ግን ገዢ የሚባለው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ሕዝቡን ጨርሶ በባዶ አገር ላይ የተቀመጠ ሰው ገዢ አይባልም፤ የአገር ገዢነት የሚታወቀው ተገዢው በሰላም ሲኖር ነውና። ደግሞም አዳም ገነትን በተቀበለ ጊዜ እንዲሠራትና እንዲጠብቃት ታዘዘ እንጂ እንዲበዘብዛት አልታዘዘም (ዘፍ. 2፥15)። ለአራዊትም ስም ማውጣቱ የኃላፊነት ምልክት ነው፤ አባት ለልጁ ስም የሚያወጣለት ሊያሳድገው እንጂ ሊያጠፋው አይደለምና።

በኖኅም ዘመን የሆነውን እናስተውል። እግዚአብሔር ለመሥዋዕትና ለመብል የሚሆኑትን ንጹሐን እንስሳት ብቻ አስገባ ብሎ አላዘዘውም፤ ንጹሕ ያልሆኑትንም ጭምር ወደ መርከብ እንዲያስገባ አዘዘው። የሰው ጥቅም ብቻ ቢታሰብ ኖሮ ጅብና ጥንብ አንሣ በመርከቡ ውስጥ ምን ስፍራ ነበራቸው? የጥፋት ውኃም ካለፈ በኋላ የተሰጠው ቃል ኪዳን ከኖኅና ከልጆቹ ጋራ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ከመርከብ ከወጡት ሕያዋን ሁሉ ጋራ ነው (ዘፍ. 9፥9-10)። ቃል ኪዳን ምን ያህል የከበረ ነገር እንደ ሆነ ለኢትዮጵያ ክርስቲያን መንገር አያስፈልግም። አውሬው በሰው ሚዛን ከንቱ ቢመስልም የኪዳን ተካፋይ ነው።

በሙሴም ሕግ ሁለት ትእዛዛት አሉ፤ ሰዎች ታናናሾች ናቸው ብለው ያልፉአቸዋል። አንደኛው፥ በመንገድ ላይ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እንኳ እናቲቱን እንዲለቅቃት የሚያዝዘው ነው (ዘዳ. 22፥6-7)። በዚህ ቃል መጠቀም አልተከለከለም፤ ዘርን መንቀል ግን ተከለከለ። እናቲቱ ከተረፈች በሚመጣው ዓመት ሌላ ጎጆ ትሠራለችና። ሁለተኛው፥ በሰባተኛው ዓመት ምድር እንድታርፍ፥ በርስዋም የበቀለውን ድሆች እንዲበሉት፥ ከድሆች የተረፈውንም የምድረ በዳ አራዊት እንዲበሉት የሚያዝዘው ነው (ዘጸ. 23፥10-11)። ድሀና አውሬ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ መነሣታቸውን ልብ እናድርግ። ሁለቱም ጠበቃ የሌላቸው ናቸውና ሕግ ጠበቃ ሆነላቸው።

ጻድቁ ኢዮብም በመከራው ውስጥ ሳለ እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ሲናገረው፥ ስለ ዱር ፍየል መውለጃ ጊዜና ምድረ በዳው ቤቱ፥ የጨው ምድር ማደሪያው ስለ ሆነለት ስለ ዱር አህያ ጠየቀው (ኢዮ. 39)። ይህ የሩቅ አገር ነገር አይደለም። የዱር አህያ ዛሬም በአፋር በረሃ፥ በዚያው በጨው ምድር አጠገብ ይኖራል፤ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት መካከልም ተቈጥሮአል። እግዚአብሔር ኢዮብን የጠየቀበት ፍጥረት በእኛ ዘመንና በእኛ ምድር ቢጠፋ፥ ያን ምዕራፍ ለልጆቻችን ስናነብ ምን ብለን እንተረጕምላቸዋለን?

አሁን ወደ አገሩ ሕግ እንምጣ። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አራዊትን የመጠበቅ ሕግ ከውጭ ትናንት የገባ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቶአል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1909 የዱር እንስሳትን፥ ይልቁንም የዝሆንን አደን የሚወስን ደንብ ወጥቶ ነበር። በ1944 ደግሞ ስለ አደን እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61 በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። በ1969 የሰሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተከለለ፤ በ1978ም ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2007 የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን፥ የዱር እንስሳትንም ሥጋ፥ ቆዳ፥ ቀንድና ጥርስ ያለ ፈቃድ መያዝንና መሸጥን ከልክሎ በገንዘብና በእስራት የሚያስቀጣ አደረገው። በ2008ም በአዋጅ ቁጥር 575 ይህን ሥራ የሚመራ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

በዓለም ላይ ያሉ መንግሥታትም በ1973 ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ከአገር ወደ አገር እንዳይነገድባቸው ተስማሙ፤ ኢትዮጵያም በ1989 በዚህ ስምምነት ገባች። በዚያው ዓመት የስምምነቱ አባሎች የዝሆን ጥርስ ንግድ እንዲቆም ወሰኑ። በ2015 በመጋቢት ወር በሕገ ወጥ መንገድ ሲዘዋወር የተያዘ ከ6 ቶን የሚበልጥ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በእሳት ተቃጠለ። ያን ጊዜ «ይህን ያህል ሀብት ለምን ይቃጠላል?» ያሉ ነበሩ። ነገር ግን የዚያ ሁሉ ጥርስ ባለቤቶች የሞቱ ዝሆኖች ናቸው፤ ጥርሱ ቢሸጥ ኖሮ ዋጋው ለሌላው ገዳይ ደመወዝ በሆነ ነበር።

ሕግ ግን ብቻውን አይበቃም። ዘበኛው በገደሉ ሁሉ ላይ ሊቆም አይችልም፤ ሌሊቱም ረጅም ነው። ሰው ዘበኛ በሌለበት ስፍራ ከክፉ ሥራ የሚከለከለው እግዚአብሔርን ሲፈራ ነው፤ ይህን ፍርሃት ማስተማር ደግሞ የእኛ የካህናት ሥራ ነው። አዋጁ እጅን ይይዛል፤ ትምህርት ግን ልብን ይይዛል። አባቶቻችንም ይህን ዐውቀው ነበር። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ምድር በአራት መቶ ዓመታት ያህል በቆየ ሥርዓታቸው ሲጠብቁ፥ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ያቈዩ ነበር፤ የሚከፈትበትንም ጊዜ በሽማግሌዎቻቸው ይወስኑ ነበር። ስለዚህ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እስከ ዛሬ በዚያ ይገኛሉ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍልም የጥንቱ ደን በብዙ ስፍራ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ ነው። ዛፉን ያስከበረው መጥረቢያ ማጣት አይደለም፤ የታቦቱ ክብር ነው። ለዛፉ የሠራ ክብር በዛፉ ላይ ለሚያድረው ወፍና ጉሬዛ ለምን አይሠራም?

አሁን ያለውን አደጋ በሁለት ምሳሌ እናስረዳ። ዋልያ ከሰሜን ተራራዎች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ በዱር አይገኝም። በዚያ ገደል ላይ የተገደለው ዋልያ መጨረሻ ቢሆን፥ ከወዴትም አምጥተን አንተካውም። ቀይ ቀበሮም የኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ለዐቅመ መውለድ የደረሱት በጠቅላላው ከ500 አይበልጡም፤ ከእኩሌታ የሚበልጡትም በባሌ ተራራዎች ይገኛሉ። ይህ አውሬ የሚመገበው በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። እርሱን የሚጨርሰው ጥይት ብቻ አይደለም፤ ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1991፥ በ2003ና ከዚያም በኋላ ይህ በሽታ በባሌ ብዙዎቹን ፈጅቶአል። ስለዚህ በደጋው የሚኖር ገበሬ ውሻውን ቢያስከትብ፥ ልጁን ከእብደት በሽታ ያድናል፥ በጎቹን ያድናል፥ የእግዚአብሔርንም ፍጥረት ያድናል። ይህን ለመምከር ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሡትን ክርክሮች ሳንመልስ ማለፍ አይገባንም።

ፊተኛው ክርክር፥ «ሚዳቋና ድኵላ ሊበሉ የተፈቀዱ ንጹሐን አይደሉምን?» የሚል ነው። ንጹሐን ናቸው። ነገር ግን ንጹሕ የተባለው መብሉ ነው እንጂ ስስቱ አይደለም። በግ ንጹሕ ስለ ሆነ የባልንጀራውን በግ አርዶ የሚበላ ሰው ንጹሕ አይሆንም። የዱር እንስሳም ሕግ ከከለከለው ወዲህ የአገር ሁሉ ንብረት ነው፤ በስውር የሚገድለው ሰው ከሕዝብ ይሰርቃል። ደግሞስ ከዓመቱ እኩሌታ ያህሉን ሥጋ ሳንበላ የምንጾም ሕዝብ የዋልያ ሥጋ ቢቀርብን እንሞታለንን? ጾም ያስተማረን ቢኖር የተፈቀደውን እንኳ መተው እንደሚቻል ነው።

ሁለተኛው ክርክር የጀግንነት ነው። በቀድሞ ዘመን አንበሳ የገደለ ሰው ጎፈር ለብሶ፥ በፉከራና በቀረርቶ ይወደስ ነበር። ነቢዩ ዳዊት አንበሳና ድብ መግደሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የገደለው በጉን ከአውሬው አፍ ሊያስጥል ነው (1ኛ ሳሙ. 17፥34-35)፤ አንበሳውን ከዋሻው ድረስ ሄዶ አልፈለገውም። እረኛ ለመንጋው ሲል ያደረገው ጀግንነት ነው። ግልገል የምታጠባ እንስሳ ከሩቅ በጠብመንጃ የጣለ ሰው ግን ምን አሸነፈ? በዚህ ዘመን ጀግና መባል የሚገባው በብርድና በረኃብ ተራራውን የሚጠብቀው ዘበኛ ነው፤ ከእነርሱም በአዳኞች ጥይት የወደቁ አሉና።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ የድሀው ገበሬ ነው። «ጭላዳው ገብሴን በላው፥ ነብሩ ፍየሌን ወሰደው፥ ሕጉ ግን እኔን ያስረኛል» ይላል። ይህ ጩኸት እውነት አለበትና በተግሣጽ ብቻ ዝም ልናሰኘው አይገባም። በ2016 በሰሜን ተራራዎች የግጭ መንደር ነዋሪዎች ለፓርኩ ሲባል ከአባቶቻቸው ቀዬ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ሄደዋል። በዓመቱ፥ በ2017፥ ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ፤ ዓለምም ደስ አለው። የዚያን ደስታ ዋጋ ማን እንደ ከፈለ ግን መርሳት ኃጢአት ነው። በሙሴ ሕግ የምድረ በዳ አራዊት ድርሻ የተነገረው ከድሆች ድርሻ ቀጥሎ እንጂ በድሆች ፈንታ እንዳልሆነ ከላይ ተመልክተናል። ስለዚህ ካህን ለገበሬው «አትግደል» ሲል፥ ለሹሙ ደግሞ «ይህን ሰው አትርሳ፤ ከቱሪስት የሚገኘው ገቢ ለእርሱም ይድረስ፤ እህሉ ለጠፋበት እርዳታ ይገኝለት» ሊል ይገባዋል። አንዱን ብቻ የሚናገር ካህን የመልእክቱን እኩሌታ በልቶአል።

አራተኛው ነገር ክርክር አይደለም፤ ነውር ነው። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በቀመሱ፥ ጥምጣም በጠመጠሙ አንዳንድ ሰዎች እጅ የጅብና የጥንብ አንሣ አካል ለመድኃኒትና ለክታብ ሲሸጥ ይገኛል። ይህ በአንድ ጊዜ ሦስት በደል ነው፤ እግዚአብሔር የከለከለው ጥንቆላ ነው፥ የአገር ሕግ የከለከለው ንግድ ነው፥ በሽተኛውንም ከሐኪምና ከጸበል የሚያስቀር ማታለል ነው። ጥንብ አንሣ በብዙ የአፍሪካ አገሮች በመርዝና በእንዲህ ያለው ንግድ እያለቀ ነው። እርሱ ሲያልቅ የሞተ ከብት በሜዳ ተኝቶ በሽታን ያስፋፋል። እግዚአብሔር ለምድር ጠራጊ አድርጎ የፈጠረውን ወፍ ገድሎ ክታብ የሚሰፋ ሰው፥ ከሰው ይልቅ በሽታን ጠቅሞአል።

የእኛ ሥርዓትና የአራዊት ኑሮ እንዴት እንደ ተሳሰረ የሚያስረዳ አንድ ነገር እንጨምር። በትግራይ በጅቦች ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፥ በዐቢይ ጾም ሕዝቡ ሥጋ መብላት ሲተው በየመንደሩ የሚጣል ዐጥንትና ትርፍራፊ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ጅቦች ከሌላው ጊዜ ይልቅ አህያ ወደ መብላት ያዘነብላሉ። ጾሙ ሲፈታም እንደ ቀድሞው ይመለሳሉ። እኛ ስንጾምና ስንፈታ አውሬው ያውቃል ማለት ነው። የነነዌ ሰዎች ሲጾሙ እንስሶቻቸው አብረው መጾማቸውን፥ እግዚአብሔርም ለዮናስ ስለ ከተማይቱ ምሕረት ሲነግረው እንስሳቱን ሳይቈጥር አለመተዉን እያስታወስን የነነዌን ጾም በየዓመቱ እንጾማለን። የሰውና የእንስሳ ዕድል እንደ ተያያዘ ከዚህ የሚበልጥ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከባድ ነገር አይጠየቅም። ካህናት በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን፥ ይልቁንም አራዊት በሚገኙበት አውራጃ፥ የተከለከለውን ከነቅጣቱ ያስታውቁ፤ ብዙ ሰው ሕጉን ሳያውቅ ይታሰራልና። የንስሐ አባቶች ልጆቻቸውን ስለ ስርቆትና ስለ ሐሰት እንደሚጠይቁ፥ ስለዚህም ይጠይቁ። በስእለት የሚመጣ የነብር ቆዳ ወይም የዝሆን ጥርስ ቢኖር አብያተ ክርስቲያናት አይቀበሉ፤ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ አዲስ መስቀልም አይግዙ፤ የደም ዋጋ ወደ መቅደስ አይገባምና። የደብር አስተዳዳሪዎች በቅጥሩ ዙሪያ ያለውን ደን በድንጋይ ካብ ይከልሉ፤ በደቡብ ጎንደር ይህን ያደረጉ ደብሮች ችግኙ ከከብት እግር ተርፎ ሲያድግ አይተዋል። በሰንበቴና በማኅበር ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች በሜዳ መርዝ የሚጥለውን፥ ጫካ የሚያቃጥለውን ይገሥጹ። የአራዊት ገዳይ በሠርግ ላይ ሲፎክር የሚያጨበጭብለት አይኑር።

እኛ በአደራ የተቀበልነው ብዙ ነው፤ ሃይማኖትን፥ መጻሕፍትን፥ ዜማን ከአባቶቻችን ተቀብለናል። ዋልያንና ቀይ ቀበሮንም ተቀብለናል፤ እነርሱን ግን ከአባቶቻችን በፊት እግዚአብሔር ራሱ በተራራው ላይ አኖራቸው። የጠፋ መጽሐፍ ቅጂው ከሌላ ደብር ይገኝ ይሆናል። የጠፋ ፍጥረት ግን ቅጂ የለውም፤ ዳግመኛ የሚፈጥረውም ሰው የለም። በመጨረሻው ቀን ባለቤቱ መጋቢዎቹን ሲቈጣጠር፥ ከሰጠን ከብዙው ምን ያህሉን እንደ መለስንለት ይጠይቀናል። ያን ጊዜ የምንመልሰው እንዳናጣ፥ ዛሬ በእጃችን ያለውን እንጠብቅ ዘንድ አምላካችን ልቡናችንን ያብራልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።